«ይህ እኮ አብስትራክቱ ነው» ለተባለች ተማሪ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ የሕዝብ ጤና ማስተርስ እማራለሁ። ለአንድ ኮርስ በየሳምንቱ 3 ፔፐር እያነበብን ለእያንዳንዱ የ1 ገጽ ማጠቃለያ እናስገባለን። እኔ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እያሰመርኩ ነው የማነበው። አንዱ ብቻ 5 እና 6 ሰዓት ይፈጅብኛል። ባለፈው ያስገባሁትን መምህሩ ‹ይህ እኮ አብስትራክቱ ነው› ብሎ መለሰልኝ። ታዲያ ከዚያ ውጪ ምን ልጻፍ? እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ቻትጂፒቲ ብጠቀምስ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ችግሩ እንግሊዝኛሽ አይደለም። ኤፒዲሚዮሎጂ ሳስተምር እንግሊዝኛ የሚያንበለብሉ ልጆችም ይህንኑ አስተያየት ከእኔ ያገኙ ነበር። ችግሩ ይዘሽው የምትገቢው ጥያቄ ላይ ነው። አንቺ የምታነቢው «ምን አሉ?» እያልሽ ነው። ምን እንዳሉ ደግሞ ራሳቸው አሳጥረው አብስትራክቱ ላይ፣ ማለትም ፔፐሩ መጀመሪያ ላይ ባለው አጭር ማጠቃለያ፣ ጽፈውታል። ስለዚህ የቱንም ያህል ብትደክሚ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የምትደርሺው። ጥያቄውን ለውጪው። «ምን አደረጉ?» በይ። ማንን ቆጠሩ? ከማን ጋር አነጻጸሩ? ስንት አገኙ? የቀረውን ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የምናየው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ጉድ ሆኜበታለሁ። የመጀመሪያ ሴሚናሬ ላይ 20 ስላይድ ሠርቼ፣ ከረባት አስሬ ቀረብኩ። ዲስከሽኑን፣ ደራሲዎቹ ውጤታቸውን የሚያብራሩበትን ክፍል፣ 3 ጊዜ ስላነበብኩት በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝም። መምህሬ እጁን አውጥቶ «እነዚህ ሰዎች ግን ከየት ነው የመጡት? ከሆስፒታል ነው ወይስ ከቤታቸው?» አለኝ። አላውቅም። ፔፐሩ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ እኔ ግን ያንን ክፍል ዘልዬዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜተድን፣ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረውን ክፍል፣ ዘልዬ አላውቅም።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን አንድ እውነተኛ ፔፐር ይዘን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃማ በሚባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ላይ የወጣ ነው። ሥራው ግን የተሠራው እዚሁ አገራችን፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። የርእሱ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ለትራኮማ ተብሎ በጅምላ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በኢትዮጵያ ሕፃናት አጠቃላይ ሞት ላይ ምን ውጤት አለው? በዕጣ የተመደበ ሙከራ። በዚትሮማክስ (የአዚትሮማይሲን የንግድ ስም ነው) ዘመቻ ላይ ቁመት መለኪያውን እንጨት ይዘሽ ቆመሽ ከሆነ ነገሩ ሩቅሽ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ብዕር አታንሺ። ርእሱን አንብቢ። አብስትራክቱን አንዴ ብቻ አንብቢ፣ ከዚያ እርሺው። ወደ መግቢያው የመጨረሻ አንቀጽ ሂጂ። የጥናቱ ዓላማ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት ያለው የሌሎች ሰዎች ሥራ ታሪክ ነው፣ ለጊዜው ይቆይ። ቀጥሎ ሠንጠረዦቹንና ሥዕሎቹን ከነርእሳቸው ተመልከቺ። ሃይላይተሩን ደግሞ ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው። ገጹ ሁሉ ቢጫ ከሆነ ምንም አልተሰመረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሜተድ። ብዙ ተማሪ ይህን ክፍል ይፈራዋል፣ እውነት ለመናገር አሰልቺም ነው። ማጠቃለያሽ ግን የሚወለደው ከዚህ ነው። ከዚህ ፔፐር የሚወጣው ይህን ይመስላል። 48 ንዑስ ቀበሌዎች ተመረጡና በዕጣ ለ4 ተመደቡ፣ 12 በ12። በአንደኛው ምድብ ነዋሪው ሁሉ በዓመት 1 ጊዜ መድኃኒቱን ወሰደ። በሁለተኛው ነዋሪው ሁሉ በዓመት 2 ጊዜ። በሦስተኛው ሕፃናት ብቻ በየ3 ወሩ። አራተኛው ምድብ ሕክምናው በ1 ዓመት ዘገየለት፤ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። ሁሉም ሲደመር ከ66,000 በላይ ሰው ይሆናል። ከዚያ ለ1 ዓመት ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ስንት እንደሞቱ ተቆጠረ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ከሜይ 2006 እስከ ሜይ 2007 ነው። በእኛ ከ1998 ወደ 1999 ይመጣል። ዘመኑን ስትቀይሪ ተጠንቀቂ፤ 2006ን እንዳለ አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ከተትሽው አንባቢሽ 8 ዓመት ይሳሳታል።

እዚህ ጋ ቆም በይ። ዕጣው የወጣው ለማን ነው? ለልጆቹ አይደለም። ለንዑስ ቀበሌዎቹ ነው። በእቁብ ብትመስይው ዕጣ የሚደርሰው ለሰው ሳይሆን ለሰፈር ነው ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። የአንድ ሰፈር ልጆች ከአንድ ምንጭ ይቀዳላቸዋል። ኩፍኝ ከገባ ተያይዘው ይታመማሉ። ስለዚህ 66,000 የሚለው ቁጥር ዓይንሽን ሲሞላው ከኋላው ያለው 48 ዕጣ ብቻ መሆኑን አስቢ። ካልታከሙት በኩል ደግሞ 12 ብቻ። ማጠቃለያሽ ውስጥ ይህንን 1 ዓረፍተ ነገር ያገኘ መምህር «አብስትራክቱ ነው» ሊልሽ አይችልም።

ወደ ውጤቱ እንምጣ። ከታከሙት ንዑስ ቀበሌዎች የልጆቹ ሞት በ1,000 የሰው-ዓመት 4.1 ነበር። ካልታከሙት 8.3። የሰው-ዓመት የሚለው አያስደንግጥሽ። አንድ ልጅ ዓመት ሙሉ ከታየ 1 ይቆጠራል፣ ግማሽ ዓመት ከታየ ግማሽ። በቀላል አማርኛ፣ 1,000 ልጆችን ለ1 ዓመት ብትከታተዪ ሳይታከሙ 8 ያህል ይሞታሉ፣ በታከሙት 4 ያህል። ልዩነቱ በ1,000 ልጆች 4 ነው። «በግማሽ ቀነሰ» ማለትም ይቻላል፣ «ከ1,000 ልጅ 4 ተረፈ» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጆሮ ላይ ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፊ።

ቀጥሎ ኦድስ ሬሾው 0.51 ይላል። ኦድስ የሞቱትን ላልሞቱት ማካፈል ነው፤ ሬሾው የታከሙትን ኦድስ ካልታከሙት ጋር ያነጻጽራል፣ 1 ከሆነ ልዩነት የለም። ተማሪው ሁሉ 0.51ን ገልብጦ ያልፋል። አጠገቡ ያለውን አያየውም። አጠገቡ ያለው 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ0.29 እስከ 0.90 ነው፣ ፒ ቫልዩው (ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) 0.02። እኔ ብሆን ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ኢንተርቫሉ ላይ ነው። ምን እያለን ነው? ከዚህ ዳታ ጋር የሚስማማው እውነተኛ ቁጥር 0.29 አካባቢም ሊሆን ይችላል፣ 0.90 አካባቢም። ሞት እዚህ ብርቅ ስለሆነ ኦድሱን እንደ ሞት ዕድል ብናየው ብዙ አንሳሳትም። እናም ቅናሹ 71% ድረስ ትልቅ፣ 10% ድረስ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰፊ ነው። እንዲህ የሰፋውም ዕጣው 48 ብቻ ስለሆነና የሞቱት ልጆች ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ነው። አየሽ፣ ሜተዱ ላይ ያየነው ነገር ዞሮ ሪዛልቱ ላይ ወጣ።

ከዚያ ምን መጣ መሰለሽ? ሞርዶር የሚባል በጣም ትልቅ ሙከራ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ተሠራ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ልጆቹ ከ1 ወር እስከ 59 ወር፣ ቁጥራቸው 190,000 አካባቢ፣ ማነጻጸሪያው ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ሽሮፕ ነበር። ሞቱ የቀነሰው በ13.5% ነው። የልጆቹ ዕድሜም አገሩም ስለሚለይ ሁለቱን አንድ ለአንድ ማጋጨት አይቻልም። ግን ልብ በይ፣ 13.5% ከጎጃሙ ጥናት ኢንተርቫል ውስጥ ነው ያለው፣ ጠርዙ ላይ። በ2009 «በግማሽ ይቀንሳል» ብሎ ያጠቃለለ ተማሪ በ2018 አንገቱን ይደፋል። «ከ10% እስከ 71%» ብሎ የጻፈው ግን ቀና ብሎ ይሄዳል።

ስለ ግሡም አንድ ነገር ልበል። የፔፐሩ መደምደሚያ መድኃኒቱ «ሞትን ይቀንሳል» አይልም። ትራኮማ በተስፋፋበት አካባቢ በጅምላ ማደሉ ከልጆች ሞት መቀነስ ጋር «ተያይዞ ታይቷል» ነው የሚለው። በዕጣ የተመደበ ሙከራ ሠርተው እንኳ ቆጠብ ብለዋል። አንቺ ስታጠቃልዪ ግሡን አታጎልብቺላቸው። «ትራኮማ በተስፋፋበት አካባቢ» የምትለዋንም አትጣያት። ፔፐሩ ስለ ጎንቻ ነው የሚያወራው። አዲስ አበባ ስላለ ልጅ ምንም አላለም።

አሁን ልዩነቱን በዓይንሽ እዪው። አንድ ተማሪ የሚያስገባው እንዲህ ያለ ነው፦ «ትራኮማ በዓለም ላይ ከፍተኛ የጤና ችግር ነው። ይህ ጥናት የአዚትሮማይሲንን ውጤት አጥንቷል። ጥናቱ እንዳሳየው መድኃኒቱ የሕፃናትን ሞት በከፍተኛ ሁኔታ ይቀንሳል። ስለዚህ መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።» አንድም ቁጥር የለም። አንድም ሰው የለም። «ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የምትለዋን እንኳ ተዪያት፣ በየማጠቃለያው መጨረሻ እንደ አሜን የምትባል ነገር ሆናለች።

እኔ ብጽፈው ይህን ይመስላል፦ «በጎንቻ ሲሶ እነሴ 48 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ለ4 ተከፍለው፣ 36ቱ በተለያየ ድግግሞሽ አዚትሮማይሲን ሲያገኙ 12ቱ ለ1 ዓመት ሳይታከሙ ቆዩ። በዓመቱ ውስጥ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሞት በታከሙት በ1,000 የሰው-ዓመት 4.1፣ ባልታከሙት 8.3 ሆነ። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም፤ መጠኑ ግን በእርግጠኝነት አይታወቅም (ኦድስ ሬሾ 0.51፣ ከ0.29 እስከ 0.90)። ማነጻጸሪያው 12 ንዑስ ቀበሌ ብቻ ነው። ሙከራውም የተቋቋመው ለዓይን በሽታ እንጂ ለሞት አልነበረም።» ይህ የገጽሽ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የቀረው ቦታ የአንቺ ነው።

እዚያ ምን ይገባል? መምህሩ የሚፈልገው ሙያሽን ነው። ነርስ ነሽ። የዓይን መድኃኒት ነፍስ ሲያድን ለምን ብለሽ አትጠይቂም? አዚትሮማይሲን ለሳንባ ምችም ለአንዳንድ የተቅማጥ ጀርሞችም ይሠራል፤ ልጆችን የሚገድሉት ደግሞ እነሱው ናቸው። ፔፐሩ የሞቱን ምክንያት አይቷል ወይ? ካየስ በምን አወቀ? ሂጂና ፈልጊ፣ ያገኘሽውን ጻፊ። ሌላም አለ። እዚያው ሙከራ ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ፕሎስ ሜዲስን በሚባል ጆርናል ላይ የወጣ ፔፐር የልጆቹን አፍንጫ በጥጥ ናሙና አይቷል። ሕፃናት በየ3 ወሩ በታከሙባቸው ንዑስ ቀበሌዎች መድኃኒቱን የለመደው፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገድለው፣ ኒሞኮከስ የተባለ የሳንባ ምች ባክቴሪያ በ1 ዓመት ከ3.6% ወደ 46.9% ወጣ። ሁለቱን ፔፐሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ማጠቃለያው የራሱ ይሆናል። ሁልጊዜ ይህን ለመሥራት ጊዜ የለሽም፣ አውቃለሁ። በወር አንዴ ሞክሪው።

አጻጻፉ ላይ የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላው ራሱ ይመጣል። ስትጽፊ ፒዲኤፉ ይዘጋ። ከፊትሽ ክፍት ከሆነ ዓረፍተ ነገራቸውን እያየሽ ቃል ነው የምትቀይሪው። «አሳየ» የሚለውን «አመለከተ» ማድረግ ማጠቃለል አይደለም፤ ፕላጃሪዝምም ሊባልብሽ ይችላል። ፒዲኤፉን ዝጊና ስልክሽ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቺ። ተረኛ ክፍል ለተቀመጠች ጓደኛሽ እንደምታወሪ አድርገሽ በአማርኛ 2 ደቂቃ ተናገሪ። «እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ መሰለሽ…» ብለሽ ጀምሪ። የሚያደናቅፍሽ ቦታ ያልገባሽ ቦታ ነው። ፔፐሩን ከፍተሽ ያንን ብቻ አንብቢ። ከዚያ የተቀዳውን እየሰማሽ በእንግሊዝኛ ጻፊው። በአማርኛ የጠራ ነገር በእንግሊዝኛ ቢሸካከርም ይገባል። በአማርኛ ያልጠራ ነገር ግን በምንም ቋንቋ አይጠራም። በመጨረሻ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከፔፐሩ ጋር አመሳክሪ። 0.51ን 0.15 ብሎ ጽፎ የተዋረደ ተማሪ አውቃለሁ።

ዲስከሽኑን መጨረሻ ላይ አንብቢው። እዚያ ደራሲዎቹ ጠበቃ ናቸው፣ የራሳቸውን ጉዳይ ነው የሚከራከሩት። አንቺ ሠንጠረዡን አይተሽ የራስሽን ፍርድ ከያዝሽ በኋላ ቢከራከሩሽ አይጎዳሽም። ድክመታቸውን የሚናገሩበት አንቀጽ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው። እሱን ዝም ብለሽ አትገልብጪ። ከዘረዘሩት ውስጥ ውጤቱን ሊለውጥ የሚችለውን አንዱን ምረጪና ለምን እንደመረጥሽው ጻፊ።

በቃለ መጠይቅ የሚሠሩ ጥናቶች ሲመጡ ጥያቄው ያው ነው። ማንን አናገሩ፣ ማን ጠየቃቸው፣ በምን ቋንቋ? የክለሳ ጥናት ከሆነ ደግሞ ስንት ፔፐር አገኙ፣ ስንቱን ጣሉ፣ ለምን? ከዚህ የበለጠ እዚህ አላስረዝምም።

ቻትጂፒቲ። አትንኪው አልልሽም፣ ብልሽም አትሰሚኝም። ያልገባሽን ቃል ጠይቂው። «ክላስተር ራንደማይዜሽንን ለነርስ አስረዳልኝ» ብትዪው ጥሩ ያስረዳሻል። ማጠቃለያውን ግን አታሠሪው። አንደኛ፣ ፔፐሩን ሳታስገቢለት በርእሱ ብቻ ከጠየቅሽው ያላነበበውን እንዳነበበ አድርጎ ሊነግርሽ ይችላል፤ የሌለ ሪፈረንስም ሊፈጥር ይችላል። ሁለተኛ፣ ብታስገቢለትም የሚሰጥሽ ብዙ ጊዜ በደንብ የተቀባባ አብስትራክት ነው። መምህርሽ የመለሰብሽን ያንኑ። ሦስተኛ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲነሳ እሱ አጠገብሽ የለም።

3 ፔፐር በሳምንት ብዙ ነው፣ አንቺ ደግሞ ተረኛ ትገቢያለሽ። እንዲህ ከፋፍዪው። ረቡዕ ማታ 3ቱንም በ10፣ በ10 ደቂቃ እዪ። ከዚያ የሚከብደውን አንዱን ለሐሙስ ያዢው፤ ሜተዱንና ሠንጠረዡን በደንብ ፈትሺው። ሁለቱን ቀለል ያሉትን ዓርብ። መጀመሪያ ላይ ለአንዱ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጅብሻል። ከ5 እና 6 ሳምንት በኋላ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ከዚያ በታች ሲወርድብሽ እያነበብሽ ሳይሆን እየዘለልሽ ነው።

ሙሉው ፔፐር ተዘግቶብሽ 30 ዶላር ክፈዪ ካለሽ አትክፈዪ። የግቢያችሁን ላይብረሪያን የሂናሪ የይለፍ ቃል ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 እንደኛ ላሉ አገሮች ያስጀመረው የጆርናል መግቢያ ነው። እዚያ ካጣሽው ርእሱን ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው፣ በነፃ የሚከፈት ቅጂ ካለ ጎኑ ላይ ይታይሻል። እሱም ካልሆነ ለደራሲው ኢሜይል ላኪ። ሁለት መስመር ይበቃል። ብዙዎቹ ፒዲኤፉን ደስ ብሏቸው ይልካሉ፤ የጻፉትን የሚያነብ ሰው መገኘቱ ለእነሱም ብርቅ ነው።